ችለነዋል ማለት ይችላል ማለት አይደለም

ለ፦ የልጄን ማመልከቻ ላልተቀበለው ቢሮ
ናይሮቢ

ጉዳዩ፦ «ራሱን የቻለ ነው» ተብሎ ልጄ የተከለከለው የአካል ጉዳት ድጎማ እንደገና እንዲታይ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ሠራተኞች፣

የዚህ ደብዳቤ እንግሊዝኛው በእጃችሁ ነው። የጎረቤቴ ልጅ አርቅቆልኝ፣ ራሴ አምጥቼ፣ ቀሪው ላይ ማህተም አስመትቼ ወጥቻለሁ። ይህኛውን በአማርኛ የጻፍኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው እንደ እኔ ያሉ የናይሮቢ ሐበሾች እንዲያነቡት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስሕተቱ የተወለደው በአማርኛ ያሰብኩትን በስዋሂሊ ስመልስ፣ እዚያው መንገድ ላይ ስለሆነ ነው። የቢሮአችሁን ስም አልጽፍም። ከጠረጴዛው ማዶ የነበሩት ወይዘሮ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ወንበር ስበው ሰጥተውኛል፣ ለልጄም ውሃ አስመጥተውለታል። የምከስሰው ሰው የለም። ክርክሬ ከአንድ ቃል ጋር ነው።

እኔ በ1991 በሞያሌ በኩል የገባሁ ነኝ። (ዓመቱን ሁሉ እዚህ አገር በሚቆጠረው ነው የምጽፈው።) ልጄ ግን ኢስሊ ተወልዶ ኢስሊ ያደገ ነው። አባቱ ኬንያዊ ነበር፤ አርፏል። ስለዚህ ልጁ በ2010ሩ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 14 መሠረት በትውልድ ዜጋ ነው፤ ኪፓንዴም፣ መታወቂያውም፣ አለው። አሁን 24 ዓመቱ ነው። የአእምሮ ዕድገቱ ከሕፃንነት አላለፈም፤ የሚጥል በሽታም አለበት። ሰውነቱ ግን ሙሉ ነው። ቁመቱ ከእኔ በአንድ ክንድ ይበልጣል፤ ጢሙን በየሦስት ቀኑ የምላጨው እኔ ነኝ። እናንተ ጋ የመጣን ቀን ጸጉሩን አስተካክዬ፣ ለፋሲካ የገዛሁለትን ሸሚዝ አልብሼ፣ ጫማውን ቦርሼ ነው ያመጣሁት። ቢሮ ሲኬድ እንደዚያ ነዋ የተማርነው። አሁን ሳስበው፣ ማመልከቻው የወደቀው ገና ሳንቀመጥ ነበር።

«ሀባሪ ያ ምቶቶ?» አሉኝ ወይዘሮዋ፤ ልጁ እንዴት ነው? «ንዙሪ» አልኩ፤ ደህና ነው። ከዚያ ቅጹን ይዘው ቀጠሉ። ራሱ ይበላል? «አናዌዛ»፤ ይችላል። ይለብሳል? «አናዌዛ።» መጸዳጃ ቤት ይሄዳል? «አናዌዛ።» ይራመዳል? ይኼማ ምን ያጠያይቃል፤ በሩ ላይ ቆሞ እያዩት! «አናዌዛ ሳና።» ዐሥር ደቂቃ አልፈጀብንም።

የተመረጡት ስሞች ባራዛ ላይ፣ በሕዝብ ስብሰባ፣ ሲነበቡ የልጄ ስም አልተጠራም። ብጠይቅ «ሊስት ላይ የለም» ከማለት በቀር ምክንያት የነገረኝ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው አንድ ወጣት ሠራተኛ አዘነልኝና ቅጹን ወደ እኔ አዞረው። በየመስመሩ አንድ ዓይነት ምልክት አለ። ከታች በእንግሊዝኛ፣ ራሱን የቻለና የሙሉ ጊዜ ተንከባካቢ የማያስፈልገው ነው ይላል። ከሥሩ የእኔ ፊርማ።

እንግዲህ እያንዳንዱን «አናዌዛ» ልፍታላችሁ።

ይበላል፤ እንጀራውን ቆርሼ፣ ወጡን አቀዝቅዤ ካቀረብኩለት። ትኩሱን ከቀዝቃዛው አይለይም። ጠገብኩ ማለትን አያውቅም፤ ሳህኑን ካላነሣሁበት እስኪያስመልሰው ይበላል። ይለብሳል፤ ልብሱን በተራ ዘርግቼ «ይኼን እጅህን አስገባ፣ አሁን ሌላኛውን» እያልኩት። መጸዳጃ ቤት ይሄዳል፤ ቀን ቀን፣ በየሰዓቱ ካስታወስኩት። ሌሊቱን አንሶላ እቀይራለሁ። ይራመዳል፤ መከራዬም እሱ ነው። ባለፈው የዝናብ ወራት የግቢው በር ገርበብ ብሎ አገኘና ወጣ። ከስምንት ሰዓት ጀምሬ ጁጃ ሮድን ላይና ታች ስል ዋልኩ። ሲመሽ ያገኘሁት ፓንጋኒ፣ የቲካ መንገድ ዳር ነው። ማንዳዚ የምትሸጥ አንዲት ሴት ከአጠገቧ አስቀምጣ እጁን ይዛዋለች። ስሙን ብትጠይቀው አልነገራትም፤ መኪኖቹን እያየ ይስቃል።

እኔ የምኖረው እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች በማስረከብ ነው። የምጋግረው ሌሊት፣ እሱ ሲተኛ ነው፤ ቀን ምጣድ ጥጄ እሱንም መጠበቅ አይሆንልኝም። አንድ ሌሊት ከእንቅልፉ ነቅቶ መጣና መዳፉን ምጣዱ ላይ አሳረፈው። ጮኸ እንጂ እጁን አላነሣም። ያነሣሁለት እኔ ነኝ። ወይዘሮዋ ጠባሳውን አይተው ምን ሆኖ እንደሆነ ጠይቀውኛል። ምን ብዬ መለስኩ? «ድኗል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

በአማርኛ መቻል አንድ ቃል ሆኖ ሦስት ነገር ነው። ማድረግ መቻል አለ፤ ራስን መቻል አለ፤ መከራን መቻል አለ። «እንዴት ይዟችኋል?» ስንባል «ችለነዋል» እንላለን። ሸክሙ ቀለለ ማለታችን አይደለም፤ ወገባችን ገና አልተቆረጠም ማለታችን ነው። «ቻይ ናት» የምትባል ሴትም ባለሙያ ናት እየተባለች አይደለም፤ ብዙ ነገር ይደርስባታል፣ ዝም ትላለች እየተባለች ነው። በስዋሂሊ ግን ኩዌዛ ሌላ፣ ኩቩሚሊያ ሌላ ነው፤ ማድረግ መቻልና መታገሥ የየራሳቸው ቃል አላቸው። እኔ 24 ዓመት የታገሥኩትን በኩዌዛ መለስኩላችሁ። እናንተም የእኔን ትዕግሥት የልጄ ችሎታ አድርጋችሁ መዘገባችሁት።

ይህ የሐበሻ ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእናንተም ቋንቋ ሰው «ሀባሪ» ሲባል «ንዙሪ» ሳይል ወደ ሌላ ነገር አይገባም። ከቀብር የሚመለስ ሰው እንኳ መጀመሪያ ንዙሪ ይላል፤ ኀዘኑን የሚያወራው ከዚያ ወዲያ ነው። ወይዘሮዋ ራሳቸው ያን ቀን ጉንጫቸው አብጦ፣ በእጃቸው ደግፈው ይዘውት ነበር። «ሀባሪ?» ብላቸው «ንዙሪ» አሉኝ። እኔ ግን ንዙሪ ስላሉኝ ጥርስዎን አያምዎትም ብዬ ወረቀት ላይ አላሰፈርኩባቸውም።

የአገሪቱ ቆጠራም ይህንን ያውቀዋል። በ2009 በተደረገው ቆጠራ ከሕዝቡ 3.5 በመቶ አካል ጉዳተኛ ነው ተብሎ ነበር። በ2019 ደግሞ ዕድሜያቸው 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት 2.2 በመቶ፣ 900 ሺህ ያህል ሰው ብቻ ተመዘገበ። በዐሥር ዓመት ውስጥ ሕዝቡ ከ38 ሚሊዮን ወደ 47 ሚሊዮን ሲያድግ አካል ጉዳተኛው በቁጥርም አነሰ። በመካከሉ አጠያየቁ ተለውጧል። ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስ፣ ራስን መንከባከብ፣ መግባባት ምን ያህል ያስቸግረዋል ተብሎ በደረጃ ይጠየቃል፤ የሚቆጠረውም «በጣም ያስቸግረዋል» ወይም «ጭራሽ አይችልም» የተባለለት ነው። ጥያቄው ከበፊቱ የተሻለ ነው። የሚመልሰው ግን የቤቱ ሰው ነው። ቆጣሪ እንግዳ በሯ ላይ የቆመባት እናት «ትንሽ ያስቸግረዋል» ካለች፣ በዚያች በ«ትንሽ» ልጇ ከቁጥሩ ወጣ ማለት ነው። ለእኔ የመጣው ቆጣሪ ምን እንደጻፈ አላየሁም፤ ምን እንደነገርኩት ግን ትዝ ይለኛል፤ ያሳፍረኛል።

አሁን ወደ መስፈርታችሁ ልምጣ። ኢኑዋ ጃሚ በሚባለው መርሐ ግብር ሥር ሦስት ዓይነት ድጎማ አለ፤ ለወላጅ አልባ ልጆች፣ ለአረጋውያን፣ ለከባድ አካል ጉዳተኞች። የመጨረሻው የተጀመረው በ2011 ነው። ከባድ የሚባለውን ጉዳት መስፈርቱ ሲተረጉመው ሦስት ነገር ይዘረዝራል። በመመገብ ዘወትር የሌላ ሰው እጅ የሚያስፈልገው፤ በመጸዳዳት እንዲሁ፤ ሦስተኛው ደግሞ ከራሱ፣ ከሌሎች ሰዎችና ካለበት ቦታ ከሚመጣበት አደጋ ጠባቂ የሚያስፈልገው። ይህም ተንከባካቢውን ቀኑን ሙሉ ከቤት ወይም ከአጠገቡ የማያስለቅቅ ሲሆን ነው።

ሦስተኛውን ደግማችሁ አንብቡልኝ። እኔን ስለ መብላት ጠየቃችሁኝ፤ ስለ መጸዳጃ ቤት ጠየቃችሁኝ። ስለ አደጋ አልጠየቃችሁኝም። ምጣዱም፣ ጁጃ ሮድም፣ የቲካ መንገድም ያሉት እዚያ ያልተጠየቅኩት ጥያቄ ውስጥ ነው። መስፈርቱ ይለወጥልኝ እያልኩ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ይነበብልኝ ነው የምለው።

እግሩ የደረቀ ልጅ ቢሆን ኖሮ በር ላይ ስታዩት ይገባችሁ ነበር። የልጄ ጉዳት ቆሞ ይሄዳል። ትንሽ ሳለ የሚያዝንለት ሰው ሞልቶ ነበር፤ ማታቱ ውስጥ ቢጮህ «ፖሌ»፣ አይዞሽ፣ ይሉኛል፣ ቦታ ይለቁልኛል። ጢም ሲያወጣ የሚያዝንለት ቀረና የሚፈራው በዛ። ልጅነቱ ሲያልቅ የሚማርበት ቦታም አለቀ። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው የተቀየረው ኪፓንዴ ማግኘቱ ብቻ ነው፤ አእምሮው ልደቱን አላከበረም።

እንግዲህ ፊርማዬን ለማረም የ14 ቀን ማስታወሻ ይዤ አያይዤዋለሁ። ሰዓቱን የጻፍኩት በእኛም በእናንተም አቆጣጠር ነው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ እዚህም ሳ ቲሳ ነው፣ በዚህስ አንለያይም። ከዚያው ሦስቱን ቀን ብቻ ልጥቀስ።

ሰኞ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሣ፤ አንሶላ ቀየርኩ። 10 ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ሲታገል ያዝኩት። እንጀራው ሳይጋገር ነጋ። ጠዋት ለመልበስ ሃምሳ ደቂቃ።

ረቡዕ። ከቀኑ 5 ሰዓት ወንበር ላይ ሳለ ጣለው። በጎኑ አስተኛሁት። ሲነቃ አላወቀኝም። ሱቅ መሄድ ነበረብኝ፤ ቀረሁ።

እሑድ። ቤተ ክርስቲያን ይዤው ሄድኩ። በቅዳሴው መካከል ጫማውን አውልቆ ወጣ። ተከትዬው ወጣሁ። ቁርባን ሳልደርስ ተመለስን።

አሥራ አራቱም ቀን እንዲህ ነው። «ይችላል» የሚያሰኝ ቀን ፈልጌ አጣሁ፤ «ችዬዋለሁ» የሚያሰኙት ግን አሥራ አራቱም ናቸው።

ለዚህ ሁሉ ክርክር ገንዘቡ ስንት ነው ትሉኝ ይሆናል። በወር 2,000 ሺሊንግ ነው። ለዓመታት አልተጨመረም። በናይሮቢ ኑሮ ልጄን እንደማያኖረው እናንተም እኔም እናውቃለን። ግን በወር ሁለት ሦስት ቀን ተቀምጦ የሚጠብቅልኝ ሰው ላገኝበት እችላለሁ፤ እኔም እነዚያን ቀኖች ቀን ጋግሬ ሌሊት እተኛለሁ። ከገንዘቡ የሚብሰኝ ግን ወረቀቱ ነው። እኔ ስድሳ አልፌያለሁ። ከእኔ በኋላ ይህን ልጅ የሚረከብ፣ ዘመድም ይሁን ጎረቤት ወይም መንግሥት፣ መጀመሪያ የሚያየው ፋይሉን ነው። ፋይሉ «ራሱን የቻለ» የሚል ከሆነ በሩን ከፍቶ ይተወዋል። እሱም ይራመዳል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ሁሉም የአገሩ ሕግ የሰጠው እንጂ የእኔ ፈጠራ አይደለም።

አንደኛ፣ የተከለከለበት ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 መብቱ በአስተዳደር ውሳኔ የተነካበት ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ የማግኘት መብት አለው ይላል። የ2015ቱ የአስተዳደር ውሳኔ ሕግም ጥያቄው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ምላሹ ይሰጥ ይላል፤ ምክንያት ካልተሰጠና ጉዳዩ ለክርክር ከቀረበ፣ ሌላ ማስረጃ እስካልመጣ ድረስ ውሳኔው ያለ በቂ ምክንያት እንደተወሰነ ይገመታል። «ሊስት ላይ የለም» ምክንያት አይደለም፤ እሱን እኔም አይቻለሁ። ቀሪው ላይ ያስመታሁት ማህተም ቀኑን ይቆጥራል።

ሁለተኛ፣ ልጄ በድጋሚ ይታይ፤ በጠረጴዛ ሳይሆን በቤቱ። አንድ ሰው ከሌሊቱ ስምንት እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት እኛ ቤት ይቀመጥ። ቡና አፈላለታለሁ። ይህ ካልተቻለ፣ ያያያዝኳቸው የሐኪም ወረቀትና ማስታወሻዬ ከቅጹ ጋር ይነበቡ።

ሦስተኛ፣ ሲጠየቅ «ይችላል ወይ?» ተብሎ አይቁም። ማን እየረዳው፣ ስንት ጊዜ ተነግሮት፣ በስንት ደቂቃ፣ ለብቻው ቢተው ምን ይሆናል ተብሎ ይጠየቅ።

አንቀጽ 43 ራሱንና ጥገኞቹን ማኖር ለማይችል ሰው መንግሥት ተገቢውን ማኅበራዊ ዋስትና ይሰጣል ይላል። አንቀጽ 54 አካል ጉዳተኛ በክብር እንዲያዝ ያዛል። ኬንያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች ስምምነት ያጸደቀችው በ2008 ነው። ራሳቸው የማየት ችግር ያለባቸው ሴናተር ክሪስታል አሲጌ ያቀረቡት የአካል ጉዳተኞች ሕግ ረቂቅም በ2025 ሕግ ሆኖ የ2003ቱን ሕግ ተክቷል። ወረቀት አላጣንም። ያጣነው ወረቀቱ እኛ ሰፈር ሲደርስ የሚጠይቀውን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ምላሽ ካጣሁ ቅሬታዬን ወደ አስተዳደር ፍትሕ ኮሚሽን እወስዳለሁ፤ ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፣ ቀድማችሁ እንድታውቁት ነው።

ከእናንተ ጋር ያለኝ ይህ ነው። የቀረው ከወገኖቼ ጋር ነው፤ እናንተ ፊት ብናገረው አላፍርም።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ገመና መሸፈን ያሳደገን ነገር ነው። «ሆድ ይፍጀው» ብለን ኖረናል። በዚህ ከተማ ልጃቸውን ከውስጠኛው ክፍል የማያወጡ፣ እንግዳ ሲመጣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ የሚያደርጉ ቤቶችን አውቃለሁ፤ የእኔም ቤት አንዱ ነበር። ጸበሉን ወስደናል፣ ስለቱን ተስለናል፣ ይህን አልነቅፍም። ግን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉትም የእኛው አባቶች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ በ2002 ዘሚ የኑስ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት የተነሣችው ከገዛ ልጇ ነው። «ልጄ እንዲህ ነው» ብላ በአደባባይ በመናገሯ ስንት እናት የቆለፈችውን በር ከፈተች። ነፍሷን ይማር።

እና ለቅጽ የምትቀርቡ ሰዎች፣ ሠላምታውንና ምላሹን ለዩ። ለሰው «ተመስገን» በሉ፤ ለቅጹ ሌሊቱን ንገሩት። ልጃችሁን የበዓል ልብስ አልብሳችሁ አትውሰዱት። «ይችላል» ከማለታችሁ በፊት «ብቻውን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ያልገባችሁ ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። ከተከለከላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቀሪ ላይ ማህተም አስመቱ። በስደተኛ ወረቀት ያላችሁ ደግሞ ይህ ድጎማ ዜጋ ላልሆነ ልጅ እንደማይደርስ አውቃለሁ። የ2021ዱ የስደተኞች ሕግና በ2025 ይፋ የሆነው የሺሪካ ዕቅድ ስደተኛውን ከአገሩ አገልግሎት ጋር እናገናኛለን ብለዋል። ያ ቀን ሲመጣ የልጆቻችሁ ስም ከውስጠኛው ክፍል ወጥቶ ይጠብቀው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝም ግን ነቀዘ፤ ሃያ አራት ዓመት ተቀምጦ አንድ ቀን ቢሮ ሲወጣ በልጄ ላይ መሰከረበት። ያን ምስክርነት በዚህ ደብዳቤ አንሥቻለሁ። የፈረምኩበት እጅ የእኔ ነው፤ ይህንንም የፈረመው እሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

እናቱ
ኢስሊ፣ ናይሮቢ

አባሪ፦ የ14 ቀን ማስታወሻ፣ የሐኪም ማስረጃ

ግልባጭ፦
ለናይሮቢ ሐበሻ እናቶችና አባቶች
ፓንጋኒ ላይ እጁን ይዘሽ ላቆየሽልኝ ማንዳዚ ሻጭ፤ ብቻውን መሄድ እንደማይችል አንቺ ሳትጠይቂ ገብቶሻል